ግንባር ላይ የታሰረ ሕግ

በቆጂ ከአሰላ በስተ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የገብስና የስንዴ አገር ናት። ከዚህች አነስተኛ ከተማና ከዙሪያዋ ገጠር የወጡ አራት ሴቶች ከ1984 እስከ 2004 ዓ.ም. ባሉት 20 ዓመታት ለኢትዮጵያ ሰባት የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥተዋል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎናና በሲድኒ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ በማራቶን፣ ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ ሁለት በለንደን አንድ፣ ቲኪ ገላና ደግሞ በለንደን በማራቶን አሸንፈዋል። ይህን ያህል ወርቅ ከአንድ አካባቢ ሲወጣ ምክንያቱን የማይጠይቅ የለም፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሯጮቹ አካል ይሄዳል። ደማቸው ነው፣ ሳንባቸው ነው፣ ሲወለዱም ለሩጫ ነው ይባላል። ይህ አነጋገር ሙገሳ ይመስላል። ውስጡ ሲታይ ግን ሴቲቱን ከድሏ ያወጣታል፤ የሠራችው ሥራ ቀርቶ የተሰጣት ሥጋ ብቻ ይቀራል። የአርሲ ደጋ ሴት አካል ትዝታ እንደሚሸከም አምናለሁ። የሚሸከመው ግን በሥራ፣ በልማድና በሕግ የተያዘ ትዝታ ነው፤ ጸንቶ የሚቆየውም ሴቲቱ ራሷ ስለ ገላዋ የመናገርና የማዘዝ ሥልጣን ሲኖራት ነው። የአርሲን ያለፈ ታሪክ ከዚህ አንጻር ማየት ስለ ሯጮቹም ሆነ ስለ እናቶቻቸው ብዙ ነገር ይገልጣል።

በመጀመሪያ የደሙን ነገር እንየው፤ ምክንያቱም በሳይንስ ተመርምሯል። በሕዋሶቻችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባል ጉልበት አመንጪ ክፍል አለ። የራሱ የዘር ጽሑፍ አለው፤ ይህንንም ወንድም ሆነ ሴት ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። የእናት አካል ለልጅ የሩጫ ጉልበት ያወርሳል የሚለው ግምት እውነት ቢሆን ኖሮ መገኘት የነበረበት እዚህ ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮበርት ስኮትና ያኒስ ፒትሲላዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያን ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች የእናት ዘር ሐረግ ከሌላው ኢትዮጵያዊ ጋር አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ሯጮቹ ከአንድ የተለየ የእናት ሐረግ የመጡ ሆነው አልተገኙም፤ የእናቶቻቸው ሐረግ እንደ ሌላው ሕዝብ የተሰባጠረ ነበር። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሁለት ዓመት በፊት ባወጡት ጥናት ደግሞ ምርጥ ሯጮች ከአርሲና ከሸዋ በብዛት እንደሚወጡ፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ረጅም መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደነበር አሳይተዋል። ከፍታው ይረዳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የሰሜንና የባሌ ተራሮች ሰውም በከፍታ ላይ ይኖራል፤ ከፍታ ብቻውን ሻምፒዮን ቢያወጣ ሰሜንም ባሌም በቆጂን በሆኑ ነበር። በቆጂ ላይ ከከፍታው የተደመረው ነገር አለ፦ የትምህርት ቤቱ መንገድ፣ የገጠሩ ሥራ፣ በከተማዋ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምሩ የነበሩትና ብዙዎቹን ገና በልጅነታቸው ለይተው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ፣ እንዲሁም ከፊት የሮጠች የአገር ልጅ አርአያነት። ደራርቱ የጥሩነሽ ዲባባና የእኅቶቿ ዘመድ ናት። በዚያ ቤተሰብ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የተላለፈው ነገር ይቻላል የሚል ዕውቀት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደምን ትተን ወደ ልማድ ስንመጣ አርሲ ከብዙ አገር የምትለይበት ነገር አለ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች። ሲንቄ ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ቅቤ እየተቀባች የምትያዝ በትር ናት፤ ለከብት መንጃም ሆነ ለመምቻ አትውልም። ያገባች ሴት ለበዓል፣ ለምርቃት፣ ለጸሎትና ለሽምግልና ስትወጣ ትይዛታለች። ባል ሚስቱን አለአግባብ ከደበደበ ወይም ክብሯን ካዋረደ የተበደለችው ሴት በሲንቄ ጩኸት ታሰማለች፤ የሰማች ሴት ሁሉ እንጀራ ብትጋግርም ላም ብታልብም ትታ፣ ሲንቄዋን ይዛ መውጣት አለባት። ሴቶቹ በአንድነት ወደ በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ታይቶ፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ጠይቆና ከብት አርዶ ካልካሰ አይመለሱም። ነገሩ ከከፋ ሴቶች በሙሉ ቤታቸውንና ቀዬአቸውን ጥለው እስከ መሄድ ይደርሳሉ፤ ያን ጊዜ ምድጃው ይጠፋል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ የሚታለበው ከብት ሳይታለብ ይውላል። ሁለት ጎሳዎች ጦር ተማዝዘው ሲቆሙም ሲንቄ የያዙ ሴቶች በመካከል ከገቡ እነሱን አልፎ መዋጋት ነውር ነው፣ ርግማንም ያስከትላል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሲንቄ ይልቅ ብዙ የሚነግረን ብዙም የማይወራለት ቀነፋ ነው። ሴት ስትወልድ ትንሽ የተጠረበች እንጨት በማሰሪያ ግንባሯ ላይ ታስራለች፤ ለወራትም አስራት ትቆያለች። ይህች እንጨት ለጌጥ የተሠራች አይደለችም። ያየ ሰው ሁሉ አራስ መሆኗን ያውቃል። ቀነፋ ያሰረችን ሴት መምታት፣ መስደብ፣ ከባድ ሥራ ማዘዝ ክልክል ነው፤ የሚመታት ሰው የመታው እሷን ብቻ ሳይሆን የሲንቄን ሴቶች በሙሉ ነው፤ ቅጣቱም ከሌላው ጊዜ ይከብዳል። ልብ ማለት የሚገባን አሠራሩን ነው። ይህ ሕግ በብራና አልተጻፈም፣ በሸንጎ ሲነበብም አይሰማም፤ የተጻፈው ሕጉ በሚጠብቃት ሴት ግንባር ላይ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኛት እረኛም፣ ማንበብ የማይችል ሽማግሌም ያነበዋል። አንዲት እናት ቀነፋዋን ፈትታ ስታስቀምጥ ሌላዋ ወልዳ ታስራለች፤ ስለዚህ በማንኛውም ወር፣ በማንኛውም መንደር፣ ሕጉ በአንዷ ግንባር ላይ እየታየ ይኖራል። ትዝታን በአካል ማኖር ስል የማስበው ይህንን ነው። በሌላው ዓለም በሴት ገላ ላይ የሚደረግ ምልክት ብዙ ጊዜ የማን ንብረት እንደሆነች ይናገራል፤ ቀነፋ ግን ማንም እንዳይነካት ይናገራል።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሳል። ሲንቄ የምትጠብቀው ያገባችን ሴት ነው፤ ቀነፋም የወለደችን። ያላገባችዋ፣ ያልወለደችዋ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ የምትያዘዋ ልጅስ? በሲንቄ አገርም ሴት ልጅ ትገረዝ ነበር፣ ያለ ዕድሜዋ ትዳር ነበር፣ ትጠለፍም ነበር። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። ሲንቄን የእኩልነት ገነት አድርጎ ማቅረብ በሥርዓቱ ውስጥ የኖሩትን ሴቶች ሕይወት መካድ ነው። ነገር ግን ጉድለቱ የሚያሳየን ሥርዓቱ እስከ የት እንደደረሰ ነው፤ የደረሰበት ቦታ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ሥልጣኑ በሴቶች እጅ በነበረበት ስፍራ፣ በትዳርና በአራስ ቤት፣ የሴት አካል ከለላ ነበረው። ሥልጣኑ በአባቶችና በጎረምሶች እጅ በነበረበት ስፍራ፣ ልጃገረድን በመስጠትና በመውሰድ ጉዳይ፣ ከለላው አልነበረም። ልዩነቱ የባህል መኖርና አለመኖር ሳይሆን በባህሉ ውስጥ የማን ቃል ይሰማል የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በአርሲ ታሪክ ከሁሉ የከበደ መልክ የሚይዘው በአኖሌ ነው። በ1870ዎቹ የምኒልክ ጦር በራስ ዳርጌ መሪነት አርሲን ለመያዝ ለዓመታት ተዋግቷል፤ ጦርነቱ ረጅምና ብዙ ሰው ያለቀበት መሆኑ አያከራክርም። በአርሲ የቃል ትውፊት አኖሌ ላይ የወንዶች እጅ፣ የሴቶች ጡት ተቆርጧል። በ2006 ዓ.ም. በሄጦሳ ወረዳ የተመረቀው ሐውልትም የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ክርክር ከሁለት ወገን ነው፤ አንዱ የአባቶችን ቃል ማስረጃ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቃል። ይህን ክርክር በጥቂት መስመር መፍታት አይቻልም፤ የታሪክ ባለሙያዎች በሰነድም በቃልም ሊቀጥሉበት የሚገባ ሥራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱም ወገን ያለ ዝምታ ነው። የሴት አካል ክፍል የአንድ ሕዝብ የበደል ምልክት ሆኖ ቆሟል፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ስለ ጡቱ ይናገራል። የሴቶቹ ስም ግን የለም፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖሩ፣ ልጆቻቸውን እንዴት እንዳሳደጉ፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ምን እንዳሉ አይነሳም። ሐዘኑን የማክበርን አስፈላጊነት አልጠራጠርም። ከሴቲቱ ተለይቶ የቆመ ጡት ግን የሌላ ሰው ንግግር ማስረጃ ይሆናል፤ ቀነፋ ያሰረች ሴት ግን ራሷ ተናጋሪ ናት።

ከምኒልክ ጦር ድል በኋላ የመጣው አስተዳደር የራሱን ፍርድ ቤት ይዞ መጣ፤ በዚያ ፍርድ ቤት ሲንቄም ቀነፋም ቦታ አልነበራቸውም። ቆይቶም እስልምናና ፕሮቴስታንት ክርስትና በአካባቢው ሲስፋፉ አንዳንድ ሰባኪዎች አቴቴ የሚባለውን የሴቶች የጸሎት ሥርዓት ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ስላወገዙት ሲንቄ የያዙ ሴቶች የሚሰበሰቡበት አጋጣሚ ቀነሰ። በጽሑፍ የመጣው ሕግ ደግሞ ለሴት አካል ያሰበው ምን ነበር? የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ እንደሚቀር ደነገገ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ይበቃል አለ። የ15 ዓመት ልጅ ከተደፈረች በኋላ የሰጠችው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። የመንደሩ ሽማግሌ በሚያስታርቅበት አገር ይህ አንቀጽ በተግባር ለጠላፊ በር የከፈተ ነበር። ዘመናዊው ሕግ የአርሲን ባህል የተሻለ ክፍል ሳያውቀው ቀረ፤ የከፋውን ክፍል ግን ማምለጫ ሰጠው።

አንቀጹን ለሕዝብ ዓይን ያጋለጠው ጉዳይ የተነሳው ከአርሲ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት፤ ለማምለጥ ስትሞክር በጠላፊዋ መሣሪያ ጠላፊዋን ገደለችው። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ በመዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻ ዕድሜን ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አድርጎ፣ ጋብቻ ቢፈጸምም ክሱ እንደማይቀር ደነገገ። ታሪኩን መነሻ ያደረገው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ መድረክ ተሸለመ። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን ታሪኩ የደረሰባት ሴት ባነሳችው አቤቱታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ፊልሙ ለብዙ ልጃገረዶች ድምፅ እንደሆነ አልክድም፤ ያም ሆኖ አቤቱታው ከፊልሙ ያልተናነሰ ትምህርት አለው። ገላዋ ላይ የደረሰው ነገር የአገር ትዝታ ሲሆን፣ የትዝታው ባለቤት ማን ናት የሚለውን የጠየቀችው ራሷ ናት። አኖሌ ላይ ያጣነው ድምፅ እዚህ ተሰማ።

ያ የትምህርት ቤት መንገድ ወደ በቆጂ ይመልሰናል። የግላስጎው ተመራማሪዎች ሯጮቹን ያስገኘው ሊሆን ይችላል ያሉት መንገድና ልጃገረዶች የሚጠለፉበት መንገድ አንድ ዓይነት መንገድ ነው፦ ከመንደር ወደ ትምህርት ቤት፣ በእርሻ መካከል፣ ብቻን ወይም ከሁለት ከሦስት ጓደኛ ጋር። ወንድ ልጅ በዚያ መንገድ ሲሮጥ ሮጠ ይባላል። ሴት ልጅ ስትሮጥ ግን የምታልፈው ርቀትን ብቻ አልነበረም። በቆጂ ወንዱን ሯጭ ቀነኒሳ በቀለንም አፍርታለች፤ ስለዚህ ሩጫን የሴቶች ብቻ ቅርስ ማድረግ አይቻልም የሚል ሰው ትክክል ነው። መንገዱ፣ አሠልጣኙ፣ ከፍታው ለሁለቱም አንድ ነበር። አንድ ያልነበረው ከመሮጥ በፊት የነበረው ውሳኔ ነው፤ ወንዱ ለሩጫ ጊዜ ማግኘት ነበረበት፣ ሴቷ ግን በቅድሚያ ገላዋ የማን እንደሆነ መወሰን ነበረባት። ጥሩነሽ በልጅነቷ ለትምህርት አዲስ አበባ መጥታ የምዝገባው ጊዜ ስላለፈባት ወደ ሩጫ ገባች፣ የማረሚያ ቤቶች ክለብም ተቀበላት። ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ለገጠር ልጅ ከአባቷ ቤትና ከባሏ ቤት ሌላ ሦስተኛ መቆሚያ ማለት ነበር።

ውጭውም ዓለም ቢሆን ለሴት አካል በሩን ዘግቶ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ ደክመው ወደቁ የሚል ወሬ ተነዝቶ ርቀቱ ከኦሎምፒክ ወጣ፤ የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ ነው። ሴት ረጅም ርቀት ከሮጠች መውለድ ያቅታታል የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። ማራቶን ለሴቶች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ፣ 10,000 ሜትር እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ነው፤ በሁለቱም ኢትዮጵያ አልተሳተፈችም። እናም በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስትቆም ርቀቱ በኦሎምፒክ ለሴቶች ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ጊዜ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ከቡድኑ ተነጥላ ወጣች፤ ደራርቱ ዙር በዙር ከኋላዋ ተከተለቻት፤ ምሪ ብትባል አልመራችም፤ የመጨረሻው ዙር ላይ ሲደርሱ ተፈተለከች። በ31 ደቂቃ ከ6.02 ሰከንድ ገብታ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያ ቆማ ማየርን ጠበቀቻት፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። አፓርታይድ ገና ሙሉ በሙሉ ባልፈረሰበት፣ ደቡብ አፍሪካ ከረጅም እገዳ በተመለሰችበት ዓመት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ደራርቱ ሲንቄ ትዝ ብሏት ነው አልልም። ነገር ግን በተጣሉ ወገኖች መካከል የሴት መቆም ክብር በሆነበት አገር ያደገች ልጅ ናት።

ከሁሉ በላይ ቀነፋን የሚያስታውሰው ግን ከወሊድ በኋላ የሆነው ነው። ደራርቱ በ1990 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወልዳ፣ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች፤ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ጥሩነሽ በ2007 ዓ.ም. ወልዳ በቀጣዩ ዓመት ሪዮ ላይ ነሐስ ስታገኝ የሮጠችበት 29 ደቂቃ ከ42.56 ሰከንድ ከመውለዷ በፊት ከሮጠቻቸው 10,000 ሜትሮች ሁሉ የፈጠነ ነበር። የድሮዎቹ ሐኪሞች ተሸነፉ ማለት ይቻላል። የገበያው ሕግ ግን ገና ነበር። አትሌት የምትኖረው በጫማ ድርጅቶች ውል ነው፤ ካልሮጠች ክፍያዋ የሚቀንስበት አንቀጽ ደግሞ እርግዝናንና አራስነትን እንደ ጉዳት ወይም እንደ ዕረፍት ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካውያኑ አሊሲያ ሞንታኞና አሊሰን ፊሊክስ ይህን በይፋ ከተናገሩ በኋላ ነው ናይኪ በእርግዝናና በወሊድ ዙሪያ ለ18 ወር ክፍያ እንዳይቀነስ ውሉን ያሻሻለው። የአርሲ ሴቶች በግንባር ላይ በታሰረች እንጨት ይጠብቁት የነበረው ነገር በዓለም ትልቁ የስፖርት ዕቃ ድርጅት ውል ውስጥ የገባው ያን ያህል ዘግይቶ ነው።

አሁን ሲንቄ የባንክ ስም ሆናለች፤ የኦሮሞ ባህላዊ አስተዳደር የሆነው የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ይህ መልካም ነው። ይሁንና መዝገብ የሚጠብቀው ስሙን እንጂ አሠራሩን አይደለም፤ የቀነፋ አሠራር ደግሞ ያላንዳች መዝገብ ዛሬ ሊሠራበት የሚችል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ታገኛለች። በቆጂ ጫካ ውስጥ በማለዳ የምትሮጠዋ ልጅ ነገ ከውጭ ድርጅት ጋር የምትፈርመው ውል ግን የሥራ ቅጥር ስላልሆነ ይህ አዋጅ አይደርሰውም። አትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ወኪሎች በሚያቀርቧቸው ውሎች ላይ የወሊድ አንቀጽ እንዲገባ መጠየቅ ይችላሉ፤ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ፌዴሬሽኑን የመራችው ራሷ ከወሊድ ተመልሳ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ እንደነበረች ስናስብ ጥያቄው ከአርሲ ቢነሳ የሚያስገርም አይሆንም።